ኦቶ ሊሊየንታል፦ መብረርን ከሽመላ የተማረው መሐንዲስ



በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤታችን ግቢ የሚቆም ሰው አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። ልጆች ከዕቃ ማሸጊያ ነጭ ፎም አውሮፕላን እየቆረጡ ይወረውራሉ። አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ በእርጋታ ያርፋል። አብዛኛው ግን አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ያደርግና ለአፍታ በአየር ላይ ቆም ብሎ ወዲያው ቁልቁል ይወድቃል። በቅርቡ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይህ ለምን እንደሚሆን ጠየቀኝ። ጥያቄው የልጅ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ታላቅ ጥያቄ ነው። ከዛሬ 120 ዓመት በላይ አስቀድሞ አንድ ስመ ጥር መሐንዲስ ሕይወቱን ያጣው በዚሁ ዓይነት አወዳደቅ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ለጥያቄው መልስ እንዲሆን የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ እናቀርብላችኋለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ኦቶ ሊሊየንታል ሜይ 23 ቀን 1848 ዓ.ም. አንክላም በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አንክላም በሰሜን ምሥራቅ ጀርመን፣ ፔነ በተባለ ወንዝ ዳር የምትገኝ ስትሆን በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እናቱ ወይዘሮ ካሮሊን ስምንት ልጆች ወልደው አምስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ለአካለ መጠን የደረሱት ኦቶ፣ በ1849 የተወለደው ታናሽ ወንድሙ ጉስታቭና እኅታቸው ማሪ ብቻ ናቸው።

ቤተሰቡ ኑሮ ስላልተቃናለት አገሩን ለቅቆ ወደ አሜሪካ ለመሰደድ አስቦ ነበር። ነገር ግን በ1861 አባትየው ሞቱና የጉዞው ነገር በዚያው ቀረ። ኦቶ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስቱን ልጆች የማሳደጉና የማስተማሩ ሸክም በእናትየው ትከሻ ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ካሮሊን ይህን ሸክም ተሸክመው ልጆቻቸውን አስተማሩ።

በአንክላም ዙሪያ ሰፊ ረግረጋማ መስክ አለ። በዚያ መስክ ላይ ሽመላዎች እንቁራሪት እየለቀሙ ይውላሉ። ኦቶና ጉስታቭ ከትምህርት ቤት መልስ ሣር ውስጥ ተደብቀው ሽመላዎቹን ይመለከቱ ነበር። አንድ ነገር አስተዋሉ። ሽመላ ሲደነግጥ እንኳ ለመነሳት ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ከነፋሱ ጋር ሳይሆን በነፋሱ ላይ ሮጦ ይነሳል። አየር ላይ ከወጣ በኋላም ክንፉን ብዙ ሳያራግብ፣ ዘርግቶ ብቻ ረጅም ርቀት ይሄዳል። ሁለቱ ልጆች ይህን ከማንም መጽሐፍ አላገኙትም። በዓይናቸው አይተው ያወቁት ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። ከዚያ አካባቢ የሚነሱት ሽመላዎች የአውሮፓ ብርድ ሲመጣ በቱርክ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በናይል ሸለቆ በኩል አድርገው ወደ አፍሪካ ይመጣሉ። ከሱዳንና ከኢትዮጵያ እስከ ኬንያና ታንዛኒያ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይደርሳሉ። ሰውነታቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር፣ መንቆራቸውና እግራቸው ቀይ ነው። ስለዚህ በብርዱ ወራት ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያይ ልጅ የኦቶ ሊሊየንታልን የመጀመሪያ መምህራን ዘሮች ሊያይ ይችላል። ተማሪዎች፣ ስታዩአቸው ክንፋቸውን አስተውሉ። ቀትር ላይ ከምድር በሚነሳው ሙቅ አየር ውስጥ እየዞሩ እንዴት ወደ ላይ እንደሚወጡ ተመልከቱ።

ሁለቱ ወንድማማቾች በ13 እና በ14 ዓመታቸው ከስስ ጣውላ ክንፍ ሠርተው በክንዳቸው ላይ አሰሩ። ሌሎች ልጆች እንዳይስቁባቸው በጨረቃ ብርሃን፣ በሌሊት ወጥተው ከጉብታ ወደ ታች ሮጡ። በእርግጥ አልበረሩም። ነገር ግን ሙከራው ስላልተሳካ ሐሳባቸውን አልተዉም። እናታቸውም ነገሩን እንደ ዕብደት ቆጥረው አልከለከሏቸውም።

ትምህርቱና መተዳደሪያው

ኦቶ በፖትስዳም ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ እጅግ ከፍ ባለ ውጤት ጨረሰ። ከዚያም ወደ በርሊን ሄዶ አንድ ዓመት በፋብሪካ ውስጥ በእጁ ሲሠራ ከቆየ በኋላ በ1867 ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። በተማሪነቱ ዘመን ገንዘብ አልነበረውም። ኑሮው በጣም ጠባብ ነበር። ቢሆንም የእረፍት ጊዜውን ከወንድሙ ጋር በሙከራ ያሳልፍ ነበር።

በ1868 ገደማ ሁለቱ ወንድማማቾች በእግር ኃይል የሚራገቡ ክንፎች ያሉት መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያውን በገመድና በመዘውር አንጠልጥለው በገመዱ ሌላ ጫፍ ክብደት አሰሩ። ሰውዬውና መሣሪያው አንድ ላይ 80 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። በሌላው ጫፍ 40 ኪሎ ሲታሰር በብርቱ ድካም ከመሬት መነሳት ተቻለ። ይህ ማለት የሰው ጡንቻ የክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ለጥቂት ጊዜ ማንሳት ቻለ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አልተሳካም ብሎ መሣሪያውን ይጥለው ነበር። እነሱ ግን በግምት ሲነገር የነበረውን ነገር በቁጥር ስላወቁት ተደሰቱ። ክንፍ እያራገቡ መነሳት ለሰው ከባድ መሆኑ ታወቀ። የቀረው መንገድ ሽመላው ክንፉን ዘርግቶ የሚሄድበት መንገድ ነው።

በ1870 በፕሩሲያና በፈረንሳይ መካከል ጦርነት ተነሳ። ኦቶም ወታደር ሆኖ በፓሪስ ከበባ ላይ ተገኘ። በ1871 ጦርነቱ አብቅቶ ሲመለስ ያቋረጠውን ምርምር ቀጠለ። በ1872 እናቱ ሞቱ። በ1873 ስለ ወፎች በረራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ንግግር አደረገ።

በ1878 አግነስ ፊሸር የምትባል የማዕድን ሠራተኛ ልጅ አገባ። አራት ልጆችም ወለዱ። ወንድማማቾቹ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ከድንጋይ ዱቄት የተጋገረ የሕንፃ መሥሪያ ጡብ ፈልስፈው ነበር። ይሁን እንጂ መሸጥ ስላልሆነላቸው ፈጠራውን ለሌላ ሰው በትንሽ ዋጋ ሸጡት፤ ያ ሰው በእሱ ባለጸጋ ሆነ። ጉስታቭና ማሪም በ1880 ዕድላቸውን ፍለጋ ወደ አውስትራሊያ ተሰደዱ። ጉስታቭ የተመለሰው በ1885 ነው። ኦቶ ግን በርሊን ቀርቶ አደጋ የማያስከትል ትንሽ የእንፋሎት ቦይለር ፈለሰፈ። በ1883 የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። ፋብሪካው አድጎ 60 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። በ1890 ከትርፉ ሩቡ ለሠራተኞቹ እንዲከፈል አደረገ። ድሆች በርካሽ ዋጋ ቴአትር እንዲያዩም ገንዘቡን አውጥቶ አንድ የበርሊን ቴአትር ቤት ረድቷል። ራሱም መድረክ ላይ ወጥቶ ይጫወት ነበር።

ነፋስን በሚዛን መለካት

በዚያ ዘመን ስለ መብረር የሚያወራ ሁሉ እንደ ሕልመኛ ይቆጠር ነበር። ብዙ ሰዎች ክንፍ ሠርተው ከከፍታ ዘልለዋል። ብዙዎችም ሞተዋል። ሊሊየንታል ከእነሱ የተለየው ከመዝለሉ በፊት ከ20 ዓመት በላይ በመለካቱ ነው።

መለኪያውን ራሱ ሠራው። በቆመ ዘንግ ላይ የሚሽከረከር ረጅም ክንድ ነው። በክንዱ ጫፍ ትንሽ ክንፍ ይታሰራል። ክብደት በገመድ ወደ ታች ሲወርድ ክንዱ ይዞራል፤ ክንፉም አየሩን ይቀዝፋል። ክንፉ ስንት ግራም ወደ ላይ እንደሚነሳና አየሩ ስንት ግራም ወደ ኋላ እንደሚጎትተው ይመዘናል። ጠፍጣፋውን ክንፍ ለካ፤ ጎበጥ ያለውን ለካ። ትንሽ ቀና አድርጎ፣ በጣም ቀና አድርጎ ለካ። ውጤቱን ሁሉ በሰንጠረዥ ጻፈ።

ያገኘው ዋና ነገር ይህ ነው። እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ በመጠኑ ጎበጥ ያለ ክንፍ ከጠፍጣፋ ክንፍ ይልቅ በብዙ ይነሳል። ምክንያቱን በአጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ ጎባጣው ክንፍ በላዩም በታቹም የሚያልፈውን አየር ወደ ታች ያጎነብሰዋል። አየሩ ወደ ታች ሲገፋ ክንፉ ወደ ላይ ይገፋል። ከክንፉ በላይ ያለው ግፊትም ከታች ካለው ያንሳል። ይህን ለማየት አንድ ቀጭን ወረቀት ከንፈራችሁ ሥር ይዛችሁ በላዩ ላይ እፍ በሉ። የተንጠለጠለው ወረቀት ወደ ላይ ይነሳል።

ሊሊየንታል ይህን ሁሉ በ1889 የወፎች በረራ የበረራ ጥበብ መሠረት መሆኑን በሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመው። በዘመኑ ብዙ ገዢ አላገኘም። ከሞተ በኋላ ግን በዚህ ሙያ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ከዋነኞቹ የሚቆጠር ሆነ።

ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር

ሊሊየንታል ለመብረር ሲነሳ ዕድሜው 43 ነበር። መጀመሪያ በቤቱ አትክልት ቦታ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው መነሻ ጣውላ አቆመና ክንፉን ይዞ ከዚያ ላይ ዘለለ። ሲለምደው ጣውላውን ወደ ሁለት ሜትር ከፍ አደረገው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ከዚያ በ1891 በፖትስዳም አቅራቢያ ደርቪትዝ በምትባል መንደር ከትንሽ ጉብታ እየተነሳ እስከ 25 ሜትር በአየር ላይ ሄደ። በ1892 ወደ 80 ሜትር ደረሰ። በ1893 ራይኖቭ በተባሉት ኮረብታዎች ላይ 250 ሜትር በረረ።

እንደ ልጅነቱ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይሮጥ ነበር። ነፋሱ ግን እንደ ልብ አይገኝም፤ አንድ ቀን ከምዕራብ፣ ሌላ ቀን ከሰሜን ይነፍሳል። ስለዚህ በ1894 በበርሊን ዳር፣ ሊሽተርፌልደ በተባለ ሰፈር፣ ከጡብ ፋብሪካ በወጣ አፈር 15 ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ጉብታ አስቆለለ። ከዚያ ጉብታ ላይ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ወደ እሱ ዞሮ መነሳት ይቻላል። እሑድ እሑድ የበርሊን ሕዝብ ሊያየው ይወጣ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺዎችም በአየር ላይ እንዳለ አነሱት። ሥዕሎቹ በየአገሩ ጋዜጣ ወጡ። ሰው መብረር ይችላል የሚለውን ነገር ዓለም ያመነው እነዚህን ፎቶግራፎች አይቶ ነው።

መሣሪያው ዛሬ ግላይደር የምንለው፣ ሞተር የሌለው በራሪ ነው። አጽሙ ከአኻያ ዘንግ፣ ልብሱ ከጥጥ ጨርቅ ነበር። በብዛት የሠራው ዓይነት ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6.7 ሜትር፣ የክንፉ ስፋት 13 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ያህል ነበር። ለመጓጓዝ እንዲመች ክንፎቹ ይታጠፋሉ። ይህን ዓይነት ለገዢዎች ይሸጥ ስለነበር በዓለም በፋብሪካ ተሠርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው በራሪ እንደሆነ ይነገርለታል።

አንዱን ዓይነት ሠርቶ አልተቀመጠም። ክንፉን ያሰፋል፤ ያጠባል። ጉብጠቱን ይቀንሳል። ጭራውን ይለውጣል። ሁለት ክንፍ ደራርቦ ሞከረ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ወደ ጉብታው ይመለሳል። እስከ 1896 ድረስ 2,000 ያህል ጊዜ በረረ። ያ ሁሉ በረራ ሲደመር ግን 5 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ተማሪዎች፣ አስሉት። አንዱ በረራ በአማካይ 9 ሰከንድ መሆኑ ነው። ዛሬ ሰዎች ውቅያኖስ የሚያቋርጡበት ጥበብ የተጀመረው በእነዚያ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰከንዶች ነው።

የመሣሪያው ድካም

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። ሊሊየንታል ከክንፎቹ መካከል በሁለት ክንዱ ይንጠለጠል ነበር። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ በአየር ላይ ነጻ ነው። መሣሪያው ወደ ግራ ሲያጋድል እግሩን ወደ ቀኝ ይወረውራል። አፍንጫው ቀና ሲል እግሩን ወደ ፊት ይዘረጋል። መሪው የገዛ ሰውነቱ ክብደት ነበር።

ይህ ዘዴ ትንሽ ነፋስ ሲሆን ይሠራል። ነፋሱ ድንገት ሲበረታ ግን ክንፉ በአንድ ጊዜ ቀና ይላል፤ ሰውዬውም እግሩን የሚዘረጋበት ልክ አለው። ክንፍ ከመጠን በላይ ቀና ሲል አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቃል፤ ፍጥነቱም ይጠፋል። ፍጥነት የሌለው ክንፍ ደግሞ ጣውላ ማለት ነው። በግቢያችን የሚወድቀው ፎምም ከዚህ የተለየ ነገር አልደረሰበትም። የክብደቱ መካከል ወደ ኋላ ሲበዛ አፍንጫው ይነሳል፤ ፍጥነቱ ያልቅና ቁልቁል ይሄዳል።

ሊሊየንታል ይህን አደጋ ያውቀው ነበር። በ1894 አንድ ቀን ክንዱ ዝሎ ሰውነቱ ወደ ኋላ ቀረና መሣሪያው ወደ ላይ ተወርውሮ ከዚያ ወደ መሬት ወረደ። ያዳነው ከፊቱ አስሮት የነበረው ከአኻያ የታጠፈ ቀለበት ነው። ቀለበቱ መጀመሪያ መሬት ነክቶ ሲሰበር እሱ በትንሽ ቁስል ተረፈ።

የመጨረሻው እሑድ

ኦገስት 9 ቀን 1896 እሑድ ነበር። ሊሊየንታል ከረዳቱ ከመካኒክ ፓውል ባይሊሽ ጋር ሽቶለን በምትባል መንደር አጠገብ ወዳለው ጎለንበርግ ኮረብታ ሄደ። ቀኑ ፀሐያማና ሞቃት ነበር። በዚያ ቀን ጥቂት ጊዜ ደህና አድርጎ በረረ። ከዚያ በኋላ በነበረው በረራ ግን ከመሬት የተነሳ ሙቅ አየር መሣሪያውን ቀና አድርጎ በአየር ላይ አቆመው። እግሩን ወደ ፊት ዘረጋ። መሣሪያው ግን ፍጥነቱን መልሶ ሳያገኝ አፍንጫውን ደፍቶ ከ15 ሜትር ያህል ከፍታ ወደቀ።

የአንገቱ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ወደ መንደሩ ማረፊያ ቤት ተወሰደ። በማግስቱ በባቡር ወደ በርሊን ተወስዶ በዚያው ቀን፣ ኦገስት 10 ቀን 1896፣ በ48 ዓመቱ አረፈ። ለአግነስና ለአራቱ ልጆች የቀረው ሐዘንና ችግር ነበር።

ሽመላውን የሚያነሳው ሙቅ አየር ሊሊየንታልን ጣለው። ሽመላው የክንፉንና የጭራውን ላባ በቅጽበት ይለውጣል። ሊሊየንታል ግን የሚለውጠው እግሩን ብቻ ነበር።

ከሞቱ በኋላ

የሞቱ ዜና ዓለምን ዞረ። በአሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ ሁለት ቢስክሌት ሠሪ ወንድማማቾች ይህን ዜና አነበቡ። ዊልበርና ኦርቪል ራይት ይባላሉ። ከዚያ በኋላ የበረራ ጉዳይ ከልባቸው አልወጣም። የሊሊየንታልን ሰንጠረዥ ይዘው ጀመሩ። በ1900 እና በ1901 የሠሯቸው ግላይደሮች እንደ ስሌቱ ባይነሱላቸው የነፋስ ሣጥን ሠርተው ትንንሽ የክንፍ ሞዴሎችን እየቀያየሩ ለኩ። የስሌቱ ዋና ስሕተት ከሊሊየንታል የመጣ አልነበረም። ከእሱ በፊት ከ100 ዓመት በላይ ሁሉም ሲጠቀምበት የኖረ አንድ የአየር ግፊት ቁጥር ትክክል አልነበረም።

ራይቶች የሊሊየንታልን ክንፍ ተቀብለው መሪውን ግን አልተቀበሉም። ሰውነት በመወርወር ፈንታ ክንፉን የሚጠመዝዝና የፊት አግድም መሪን የሚያንቀሳቅስ ገመድና ዘንግ ሠሩ። በዚህም ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ሞተር ባለው አውሮፕላን በረሩ። የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ፣ የዕለቱ ረጅሙ 59 ሰከንድ ነበር። ራይቶች ውለታውን አልረሱም። በ1911 ለሊሊየንታል ባለቤት ለወይዘሮ አግነስ የገንዘብ እርዳታ ልከውላቸዋል።

በ2016 የጀርመን የአየርና የሕዋ ምርምር ማዕከል የሊሊየንታልን ግላይደር በልኩ አሠርቶ በታላቅ የነፋስ ዋሻ ውስጥ መረመረው። መሣሪያው በተወሰነ ልክ በሚገባ ሚዛኑን ጠብቆ የሚበር መሆኑ ታወቀ። በወደቀበት ኮረብታ ግርጌ ደግሞ በኦክቶበር 1989 አንድ ትልቅ ኢልዩሺን 62 የመንገደኛ አውሮፕላን በሣር መስክ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ዛሬም ለመታሰቢያ እዚያው ቆሟል። የተሰየመውም በሚስቱ በአግነስ ስም ነው።

የእኛ ፎም

ዛሬ በብዙ አገሮች ሰዎች ከፎም የተሠራ ትንሽ ግላይደር በሬዲዮ እየመሩ ያበራሉ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ይሆናል። አፍንጫው ላይ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር አለው። ሞተሩ ከፍ ካደረገው በኋላ ሲጠፋ ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ ይታጠፍና ግላይደሩ እንደ ሽመላ በሙቅ አየር ይዞራል። ባለቤቶቹም እንደ ሊሊየንታል ያሻሽሉታል። ክንፉ እንዳይታጠፍ ቀጭን ዘንግ ያስገቡበታል። ባትሪውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ሚዛኑን ያስተካክላሉ።

እኛ ሞተርና ሬዲዮ ባይኖረንም ዋናው ትምህርት በእጃችን ነው። ሚዛኑን የምታስተካክሉት እንዲህ ነው።

1. ፎሙን ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት ጫፍ ደግፉት። ጣታችሁ የሚያርፈው ከክንፉ ፊት ጠርዝ ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ከክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ በሚሆነው ቦታ ላይ ይሁን። ጭራው ካዘቀዘቀ አፍንጫው ላይ ጭቃ ወይም ትንሽ ሚስማር ጨምሩ።

2. ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ፣ ሳታስፈነጥሩ፣ ፊት ለፊት በዝግታ ልቀቁት።

3. ቀና ብሎ ከቆመና ከወደቀ አፍንጫው ላይ ጥቂት ጨምሩ። በቀጥታ መሬት ከገባ ጥቂት ቀንሱ፤ ወይም የጭራውን የኋላ ጠርዝ በጣም በትንሹ ወደ ላይ አጥፉት።

4. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ስንት እርምጃ እንደሄደ በደብተራችሁ ጻፉ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ክንፍ በራሳችሁ ላይ አስራችሁ ከጣሪያ፣ ከዛፍ ወይም ከገደል እንዳትዘሉ። ሊሊየንታል 20 ዓመት ለክቶ፣ ከአንድ ሜትር ጀምሮ፣ ያም ሆኖ ሞቷል። እሱ የሞተበትን ነገር እናንተ በአንድ ቁራጭ ፎም ያለ አደጋ ልትማሩት ትችላላችሁ።

ወላጆችም ልጆቻችሁ ፎም ሲቆርጡና ሲጥሉ፣ እንደገና ሲቆርጡ ብታዩ ጊዜ ማባከን አይምሰላችሁ። ወይዘሮ ካሮሊን አባት የሌላቸውን ሁለት ልጆች ጣውላ ሲቀጥሉ አይተው ቢከለክሏቸው ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር። የቤተሰቡ ጉዞ ቢቀርም የልጆቹ ትምህርት አልቀረም። ያ ትምህርት የጀመረው በሰፈራቸው መስክ ላይ ከነበሩት ወፎች ነው።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ሽመላ ለመነሳት ወደ ነፋሱ የሚዞረው ለምንድን ነው?
2. ሊሊየንታል ክብ ጉብታ ያስቆለለው ለምንድን ነው?
3. ራይቶች ከሊሊየንታል የወሰዱትና የለወጡት ምንድን ነው?
4. የእናንተ ፎም አፍንጫው ላይ ክብደት ከመጨመራችሁ በፊትና በኋላ ስንት እርምጃ ሄደ?

የአራተኛውን ጥያቄ መልስ በደብተራችሁ ይዛችሁ ወደ ሳይንስ ክፍል ኑ። ከሁሉም ሩቅ ከሄደው ይልቅ፣ ወድቆ ለምን እንደወደቀ በሚገባ የጻፈውን ተማሪ ሥራ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።